ያልተሰበረው እግር ለምን ከሳ?

አክስቴ ዘጌ ውስጥ የተሰጣ ቡና ልትገለብጥ ከቤቷ ስትወጣ የደጃፏ ድንጋይ አዳለጣትና ወደቀች። የግራ ጭኗ ተሰበረ። በጀልባ ባሕር ዳር አመጣናት። ሐኪም ቤት ዘጠኝ ቀን እግሯ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎ ቆየች፤ ከዚያ በቀዶ ሕክምና ብረት ገባላትና ሽምብጥ ሠፈር እኛ ቤት ተኛች። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ስለሆነ በወደቀች በሦስተኛው ቀን ደኅናውን እግሯን በልብስ ሰፊ ሜትር ለክቼው ነበር። ከጉልበት ሎሚዋ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የጭኗ ዙሪያ 42 ሳንቲ ሜትር ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ስለካው 40 ሆነ። የተሰበረው እንደሚከሳ ሁላችንም ጠብቀናል። ሜትሩን ስጠቀልል አክስቴ ደኅናውን እግሯን በእጇ እየዳሰሰች «የታመመውስ ይሁን፤ ይኸኛው ምን በደለ?» አለችኝ።

ጎረቤት ሊጠይቃት ሲመጣ ብርድ ልብሱ ሥር ያለ ሰውነቷን አይቶ ዓይኑን ወደ ባለቤቴ ይመልሳል። አንዲት እናት ደግሞ ፊት ለፊት «እህል አትቀምስም እንዴ?» ብለዋታል። ባለቤቴ በቀን አራት ጊዜ እያጎረሰቻት ነው ይህን የሰማችው። እናንተም ቤት የተኛ ሰው ካለ፣ ዓይናችሁ እያየ ሲሟሽሽ እያያችሁ ራሳችሁን የምትወቅሱ ከሆነ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በሽተኛ የሚከሳው ስላልበላ ብቻ አይደለም። ሰውነት ራሱ ጡንቻውን እንዲፈታ ትእዛዝ ያወጣል። ትእዛዙን የሚያደርሱት ሆርሞኖች ናቸው፤ የሚጓዙትም በደም ስለሆነ የተሰበረውን እግር ካልተሰበረው አይለዩም።

ከአክስቴ በፊት ይህንኑ ጥያቄ የጠየቀ ሰው ነበር። ዴቪድ ካትበርትሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1930 ገደማ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ግላስጎው ውስጥ አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎችን ሽንት እያጠራቀመ ይመረምር ነበር። ሽንት ለምን? ፕሮቲን ውስጥ ናይትሮጅን አለ፤ ከክብደቱ 16 በመቶ ያህሉ። ፕሮቲን ሲፈርስና ለሌላ ሥራ ሲውል ናይትሮጅኑ ትርፍ ይሆናል፤ ጉበት ዩሪያ አድርጎ በሽንት ያስወጣዋል። ዩሪያ ሲባል ማዳበሪያ ትዝ ያለው ሰው አልተሳሳተም። የሜጫ ገበሬ ጤፉ ላይ የሚበትነው ነጭ ፍሬ ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ነው፤ ያኛውን ፋብሪካ ይሠራዋል፣ ይኸኛውን ጉበታችን። ስለዚህ የአንድን ሰው ሽንት ናይትሮጅን የለካ፣ በዚያ ቀን ምን ያህል ፕሮቲን ፈርሶ እንደጠፋበት በግምት ማወቅ ይችላል። ካትበርትሰን ያገኘው ነገር ይህ ነው፤ ስብራት የደረሰባቸው ሰዎች የሚያጡት ናይትሮጅን ከቆሰለው ቦታ ብቻ ሊመጣ ከሚችለው እጅግ ይበልጣል። ብዙ የሚያጡትም በተሰበሩበት ቀን ሳይሆን ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ጉዳቱ አንድ እግር ላይ ሆኖ ሂሳቡን የሚከፍለው መላ ሰውነት ነበር።

ነገሩ እንዲገባን መጀመሪያ ስለ ጡንቻ ያለን ሐሳብ መስተካከል አለበት። ብዙ ሰው ጡንቻን አንዴ ተገንብቶ እንደቆመ ግንብ ያስበዋል። እኔ ለታካሚዎቼ የምነግራቸው በታንኳ ነው። ጣና ዳር ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፣ የደንገል ታንኳ ከውሃ ሲቆይ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ባለቤቱ ሥራውን ሲጨርስ ጎትቶ ያወጣዋል፣ ያደርቀዋል፤ ደንገሉ ሲበሰብስ ፈትቶ በአዲስ ያስረዋል። ታንኳ ዕድሜ የሚያገኘው በማሰርና በመፍታት ነው። ጡንቻም እንዲሁ ነው። በጤነኛ ሰው ከጡንቻው ፕሮቲን በቀን ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው ይፈታል፤ በዚያው ልክ አዲስ ይታሰራል። መላ ሰውነትን ብንወስድ፣ አንድ 70 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በቀን ከ250 እስከ 300 ግራም ፕሮቲን ይፈታል፣ ያስራልም። በገበታ የምናገኘው ፕሮቲን ከዚህ በብዙ ያነሰ ሆኖ የማይጎድልብን፣ ከተፈታው የሚወጡት አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚሠራባቸው ቅንጣቶች) አብዛኞቹ ተመልሰው ለማሰሪያ ስለሚውሉ ነው። ጡንቻ የሚከሳው መፍታቱ ሲፈጥን ወይም ማሰሩ ሲዘገይ ነው። በከባድ በሽታ ጊዜ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ።

ታዲያ ማን ይፈታዋል? ጡንቻ ሴል ውስጥ ፕሮቲያሶም የሚባል፣ በርሜል የመሰለ እጅግ ጥቃቅን ማሽን አለ። ፕሮቲን በአንድ በኩል ይገባል፣ ተቆራርጦ በሌላው ይወጣል። ማሽኑ ያገኘውን ሁሉ ቢውጥ ኖሮ ሴሉ ራሱ ባልተረፈ ነበር፤ የሚፈርሰው ፕሮቲን አስቀድሞ ዩቢኪቲን የሚባል ትንሽ ምልክት ይለጠፍበታል። በከተማችን ለመንገድ ሊፈርስ የታሰበ አጥር ላይ ቀይ ቀለም ሲደረግ ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። ቀለሙ ራሱ ግድግዳ አይጥልም፤ አፍራሹ ግን ቀለም ወደተቀባው ይመጣል። ይህን የምልክት አሠራር ያገኙት እስራኤላውያኑ አሮን ቺካኖቨርና አቭራም ኸርሽኮ፣ እንዲሁም አሜሪካዊው ኧርዊን ሮዝ በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመውበታል። ሴሉ ሌላም መንገድ አለው፤ ያረጀውን ክፍሉን በከረጢት ጠቅልሎ ያሟሟዋል። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 የተሸለመው በዚህ ነው።

ለእኛ ትልቁ ነገር የመጣው በ2001 ነው። ተመራማሪዎች ጡንቻ በሚከሳበት ጊዜ ቁጥራቸው በጣም የሚጨምር ሁለት ቀለም ቀቢዎችን፣ ማለት ምልክቱን የሚለጥፉ ፕሮቲኖችን፣ አገኙ፤ አትሮጂን-1 እና ሙርፍ-1 ይባላሉ። ከሁለቱ አንዱ እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች ነርቫቸው ሲቆረጥ ጡንቻቸው ከሌሎቹ ያነሰ ከሳ። ከዚያ ወዲያ እንደታየው ረሃብም ይሁን ስኳር በሽታ፣ ካንሰርም ይሁን የኩላሊት ድክመት፣ በየመንገዱ ቢመጣም ጡንቻው ደጃፍ ሲደርስ የሚጠራው እነዚህኑ ቀቢዎች ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ይህ ነው። በሽታው ብዙ፣ ማፍረሻው አንድ።

ቀቢዎቹን ቀጥሮ የሚያሰማራ አለቃ አላቸው፤ ፎክሶ የሚባል ፕሮቲን ነው። ፎክሶ የሚሠራው ወደ ሴሉ ማዕከል፣ ጂኖቹ ወዳሉበት ክፍል፣ ሲገባ ብቻ ነው። ኢንሱሊን እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ስንበላ ቆሽት ኢንሱሊን ያፈስሳል፤ ኢንሱሊን ጡንቻው ላይ ሲያርፍ ፎክሶን ከማዕከሉ ያስወጣና በሩን ይዘጋበታል። ኢንሱሊንን የምናውቀው በስኳር ነው እንጂ፣ በሰው ላይ ከሚሠራቸው ትልልቅ ሥራዎች አንዱ የጡንቻን መፍረስ መግታት ነው። ከመገኘቱ በፊት የስኳር በሽተኛ ልጆች ቆዳና አጥንት ብቻ ሆነው ይሞቱ ነበር። በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ መጀመሪያ ኢንሱሊን የተወጋው ልጅ 14 ዓመቱ ነበር፤ ክብደቱ ግን 30 ኪሎ አይሞላም። ዛሬም ሳይታወቅ የቆየ ስኳር «ያለምክንያት ከሳሁ» ተብሎ ነው ብዙ ጊዜ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው።

በሌላው ወገን የቆመው ኮርቲሶል ነው። አደጋ ሲደርስ፣ ሕመም ሲበረታ፣ ትኩሳት ሲነሳ አንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ ዕጢ መልእክት ይልካል፤ ፒቱታሪ ከሁለቱ ኩላሊቶች አናት ላይ እንደ ቆብ ለተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች ይልካል፤ እነሱ ኮርቲሶል ደም ውስጥ ይለቃሉ። ኮርቲሶል እንደ ኢንሱሊን ውጭ ቆሞ አያንኳኳም። ሴሉ ውስጥ ዘልቆ፣ ተቀባዩን ይዞ፣ ራሱ ማዕከሉ ድረስ ይገባል። እዚያ ቀቢዎቹ እንዲበዙ ያዝዛል፤ የአዲስ ፕሮቲን ማሰሩንም ያዘገየዋል። ኢንሱሊን በቂ ሆኖ ሲሠራ ይህን ጉልበቱን ይገታዋል። ኢንሱሊን ሲጎድል ወይም ጡንቻው ኢንሱሊንን አልሰማ ሲል ግን ኮርቲሶል ያለ ተቃዋሚ ይቀራል። ከባድ ጉዳት ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ ያመጣል፤ ኮርቲሶል ይጨምራል፣ ሰውነት ለኢንሱሊን ይደነቁራል። ስኳር በሽታ የሌለበት ሰው ከትልቅ ቀዶ ሕክምና በኋላ ስኳሩ ከፍ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ይህን ሲሰሙ ኮርቲሶልን እንደ ጠላት የሚያዩት አሉ፤ ልክ አይደለም። በጤናችንም ቢሆን ንጋት ላይ ከፍ ይላል፣ ከእንቅልፍ ለመነሳት ያዘጋጀናል፤ ጨርሶ ከሌለ ሰው አይኖርም። በአደጋ ጊዜ ጡንቻን የሚያስፈታውም በምክንያት ነው። ሰውነት ስብ የሚያስቀምጥበት አለው፣ ለስኳርም ጉበት ውስጥ አንድ ቀን ገደማ የምትበቃ ትንሽ ማስቀመጫ አለው። ለፕሮቲን ግን ለብቻው የተሠራ ጎተራ የለውም። ቁስል የሚጠግን፣ ከተሕዋሲያን ጋር የሚዋጉ ሴሎችን የሚያበዛ፣ አንጎል በቀን የሚፈልገውን 120 ግራም ያህል ስኳር የሚያሟላ አሚኖ አሲድ ከየት ይምጣ? ከስብ ወደ ስኳር የሚለወጠው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰውነት ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ በክፉ ቀን ዘር እህሉን እንደሚፈጭ ቤተሰብ።

ረሃብና ሕመም የሚለያዩትም እዚህ ነው። ብዙ አስታማሚ ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያይ እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ።

ጤነኛ ሰው እህል ሲያጣ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ጡንቻው ይፈታል፤ በሽንቱ በቀን 12 ግራም ገደማ ናይትሮጅን ሊወጣ ይችላል። ይህ 75 ግራም ፕሮቲን ነው፤ በእርጥብ ጡንቻ ቢመዘን ከ300 ግራም በላይ። ቀኖች ሲቆጠሩ ግን ሰውነት ይቆጥባል። ጉበት ከስብ ኪቶን የሚባል ነዳጅ ይሠራል፣ አንጎልም ኪቶን ማንደድ ይለምዳል፤ ጡንቻ ላይ ያለው ጥያቄ ይቀንሳል። ከሳምንታት በኋላ የሚወጣው ናይትሮጅን 3 ወይም 4 ግራም ብቻ ይሆናል። የተጎዳ ወይም ብርቱ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ይህን ቁጠባ አያገኝም። የአደጋ ሆርሞኖቹና ከቁስሉ የሚነሱት የቁጣ መልእክተኞች ፍርሰቱን ያስቀጥሉታል። ምግብ ብታበሉትም ትእዛዙ አይሰረዝም፤ ይቀንሳል እንጂ። እንግዲህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ጤነኛ ሰው ጡንቻዬ ሊሟሟ ነው ብሎ አይስጋ፤ ማታ ሲበላ የፈታውን ያስራል። አራት ጊዜ እየጎረሰ የሚከሳ በሽተኛ ካያችሁም አስታማሚዋን አትውቀሱ።

እነዚያ የቁጣ መልእክተኞች ሳይቶካይን ይባላሉ። ከነሱ አንዱ ያለው ታሪክ ብዙ ይናገራል፤ ሳይንቲስቶች በሽተኛን የሚያከሳውን ነገር ሲፈልጉ አንድ ንጥረ ነገር አግኝተው ካኬክቲን፣ «የሚያከሳ» እንደማለት፣ ብለውት ነበር። በ1985 ሌሎች ቲኤንኤፍ ብለው ከሚያውቁት ጋር አንድ መሆኑ ታወቀ። ቲቢ የያዘው ሰው ሳሉ ሳይጠነክር በፊት የሚከሳበት፣ ወባ ተደጋግሞ የጣለው የፎገራ ገበሬ ጉልበቱን ለመመለስ ሳምንታት የሚፈጅበት ምክንያት ውስጥ እጅ ሊኖራቸው ከሚችሉት አንዱ ይህ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛም ጡንቻ ይፈታል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ልቡ የሚመታ፣ እየበላ የሚከሳ ሰው ይህን ይመርመር። እንቅርት ያለበት ሁሉ ግን ሆርሞኑ በዝቷል ማለት አይደለም።

«ሐሳብ አከሳኝ» የምንለውስ? ሐቁን ልናገር። የኑሮ ሐሳብ ብቻውን ኮርቲሶልን የጭን ስብራት ያህል አያነሳውም። ድንጋጤ ላይ የሚፈስሰው አድሬናሊን እንዲያውም ለአጭር ጊዜ የጡንቻን ፕሮቲን ከመፍረስ ይቆጥባል። ሐሳብ የሚያከሳን አብዛኛውን ጊዜ ምግብ ስለሚያስጠላን፣ እንቅልፍ ስለሚነሳን፣ ከመንቀሳቀስ ስለሚያስቀረን ነው። ያልታከመ ሥቃይ ግን ሌላ ነገር ነው። ሌሊቱን ሲያቃስት የሚያድር ሰው የአደጋ ደወሉ አልጠፋለትም። ማስታገሻ በሐኪም ትእዛዝ በሰዓቱ መዋጥ እንደ ድክመት መታየቱ ያሳዝነኛል። አክስቴም መጀመሪያ «እችለዋለሁ» ብላ ኪኒኑን ትራሷ ሥር ታስቀምጠው ነበር።

አሁን ልቤን የሚያቃጥለኝ ነገር ላይ ደረስኩ። ኮርቲሶልን የሚመስሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን። ለአስም፣ ለአለርጂ፣ ለመገጣጠሚያ ብግነት ሐኪም በልክ ሲያዝዛቸው ሕይወት ያድናሉ። ግን ለመወፈር ብለው ያለ ሐኪም ወራት የሚውጧቸው ወጣቶች አሉ። ፊት ይሞላል፣ ጉንጭ ይወጣል፣ ሆድ ይገፋል፤ ሰው «አማረብሽ» ይላል። እጅና እግር ግን እየሳሳ ነው። አሜሪካዊው የቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ በ1932 ያብራራው፣ የራስ ኮርቲሶል ሲበዛ የሚመጣ በሽታ መልኩ ይኸው ነው፤ ወፍራም ግንድ፣ ቀጭን ቅርንጫፍ። አንዲት ልጅ ወደኔ የመጣችው ከቡና ዱካ (በርጩማ) ላይ እጇን መሬት ሳታስደግፍ መነሳት አቅቷት ነበር። ክንዷን አንስታ ጸጉሯን መሥራትም ይከብዳት ጀምሯል። በመጀመሪያ የሚደክሙት የጭንና የትከሻ ጡንቻዎች ስለሆኑ ዱካ ጥሩ መመርመሪያ ነው። ይህን እያነበበ የደነገጠ ካለ ደግሞ ኪኒኑን ዛሬውኑ አይጣል። ረጅም ጊዜ ሲወሰድ የራስ አድሬናል ዕጢ ሥራውን ስለሚያቆም፣ በድንገት መተው ለሞት የሚያደርስ አደጋ ያመጣል። ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቀንሳል።

ለአክስቴ ምን አደረግን? ለምግቧ እንደምንጨነቅ ሁሉ የጡንቻዋ ሥራም እንዲታሰብበት ነው የገፋሁት። ጡንቻ ሲሳብ ራሱ «አትፍታኝ» የሚል መልእክት ያወጣል፤ ይህን ደግሞ ማንም በኪኒን አይተካውም። ጤነኛ ሽማግሌዎች እንኳ ለምርምር ተብለው 10 ቀን አልጋ ላይ ሲውሉ ከእግራቸው ብቻ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ እንዳጡ ታይቷል። አክስቴ ገና ተኝታ ሳለች ከጉልበቷ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አስገብቼ ወደታች እንድትጫነው አደረግኩ፤ አምስት እስክቆጥር ትይዝና ትለቃለች። የመጀመሪያ ቀን ጡንቻዋ ከእጄ ሥር እንደ ዓሣ ተርገብግቦ ዝም አለ። በሳምንቱ ጠንከር ብሎ መዳፌን ይገፋ ጀመር። ሐኪሟ ሲፈቅድ አቆምናት፤ ከዚያ በመደገፊያ እስከ በር።

ምግብን በተመለከተ፣ ለታመመ አዛውንት በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን በቀን ይመከራል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን መጠኑን ሐኪም ይንገረው። አክስቴ 50 ኪሎ ናት፤ ከ60 እስከ 75 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም አካባቢ ይሰጣል፤ መቶ ግራም የቆሮሶ ዓሣ ሥጋ 20 ግራም ያህል፣ መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር 9። ባለቤቴ የምትሰጣት አጥሚትና በሶ ጉልበት ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ነበር፤ ይህ ብቻ ነው የጎደለን፣ ማናችንም አላወቅነውም። ጊዜው ጾም ስለነበር አክስቴ እንቁላሉን «ሞቼ ነው!» ብላ መለሰችው። የንስሐ አባቷ ከዘጌ መጥተው አልጋዋ አጠገብ ተቀመጡና «ለታመመ ጾም የለበትም፤ ብይ ልጄ» አሏት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት እንቁላል፣ ምሳ ላይ ከጀልባ ማቆሚያው የማመጣላትን ቆሮሶ በሾርባ፣ ማታ ምስር።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት እንደገና ለካኋት። ደኅናው እግር 41 ተኩል ሆኗል። የተሰበረው 39 ነው፤ እሱ ብዙ ወር ይፈልጋል። ደጃፉ ላይ ዱካ አስቀምጬላት በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አሥር አሥር ጊዜ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች። ትናንት ስድስተኛው ላይ እጇን ከጉልበቷ አንስታ ነው የተነሳችው።